የስፖርት ክህሎት እንዴት ይለመዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ወላጆችና ተማሪዎች የስፖርት መምህራንን፣ ጀማሪ አሰልጣኞችም እርስ በርሳቸው የሚጠያየቋቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረናል።

የእንቅስቃሴ ክህሎት ሲባል ምን ማለት ነው? ከአካል ብቃት ጋር አንድ አይደለም?

አንድ አይደለም። አካል ብቃት ጉልበት፣ ትንፋሽና ፍጥነት ነው። ክህሎት ያንን ጉልበት በሰዓቱ፣ በልኩና በአቅጣጫው ማዋል ነው። ከፒያሳ እስከ ጎሃ ተራራ ሳያርፍ ሮጦ የሚወጣ ልጅ፣ መረብ ኳስ ሲሰጡት አንድ ሰርቭ ላያሻግር ይችላል።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ልምምድ ስታቆሙ ትንፋሽ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። በደንብ የተለመደ ክህሎት ግን ዓመታት ይቆያል። በልጅነቱ ብስክሌት የለመደ ሰው ሃያ ዓመት ሳይነዳ ቆይቶ ቢወጣበት፣ ትንሽ ይንገዳገድና ይሄዳል። ዳገቱ ላይ ግን ትንፋሹ ያጥረዋል።

ተሰጥኦ ነው ወይስ ልምምድ?

ሁለቱም። ግን ተሰጥኦ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ማንም ያልቆጠረው ልምምድ ነው። እስክስታን እዩ። የጎንደር ልጅ ትከሻው የሚታዘዝለት ከደሙ ስለመጣ አይደለም። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሠርግ ውሏል። ቆሞ መሄድ ሲጀምር "እስቲ ውረድ!" እየተባለ ተጨብጭቦለታል። አሥር ዓመት ሲሞላው ስንት ሰዓት እንደተለማመደ እሱም አያውቀውም፣ እኛም አናውቅለትም። ከዚያ "ተፈጥሮ ነው" እንላለን።

ቁመትና የሰውነት አሠራር በእርግጥ ይወረሳሉ። ችግሩ ያለው ምልመላ ላይ ነው። በብዙ አገር የወጣት ቡድኖች የሚበዙት የዕድሜ መቁጠሪያው ከሚጀምርበት ቀን ቀጥሎ ባሉት ወራት የተወለዱ ልጆች ናቸው። በጥቂት ወራት ስለሚበልጡ ይገዝፋሉ፤ ስለሚገዝፉ ይመረጣሉ፤ ስለተመረጡ የበለጠ ይለማመዳሉ። እኛ ጋ አንድ ክፍል ውስጥ የሁለትና የሦስት ዓመት ልዩነት አለ። ስለዚህ በሰባተኛ ክፍል ቀጭኑን ልጅ አይቶ "ይሄ አይሆንም" ማለት ድፍረት ነው።

አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲለምድ በምን በምን ደረጃ ያልፋል?

ፖል ፊትስና ማይክል ፖስነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 በሦስት ከፍለውታል፤ እስካሁን የስፖርት ትምህርት የሚጠቀምበት አከፋፈል ነው። የመጀመሪያው የማሰብ ደረጃ ነው። ሰርቭ የምትለምድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አስቡ። ኳሱን በግራ እጇ ይዛ ከንፈሯን ትነክሳለች። የቱን እግሯን እንደምታስቀድም ቁልቁል ታያለች። ወደ ላይ ስትወረውረው ወደ ጎን ይሄድባታል፤ ተከትላ ትመታዋለች፤ መረቡ ሥር ይወድቃል። በዚህ ሰዓት ጭንቅላቷ ሞልቷል። ሦስት ነገር በአንዴ ብትነግሯት አንዱንም አትሰማም።

ሁለተኛው የማስተካከል ደረጃ ነው። ስህተቱ ያንሳል፣ ዓይነቱም ይለወጣል። ኳሱ ወይ ትንሽ ይረዝማል፣ ወይ ትንሽ ያጥራል። ልጅቷም ሳይነግሯት "ወደ ኋላ ወረወርኩት" ማለት ትጀምራለች። ይህ ደረጃ ረጅም ነው፤ ወራት ይፈጃል። ብዙ ሰው ተሰላችቶ የሚተወውም እዚህ ነው።

በሦስተኛው ደረጃ ነገሩ በራሱ ይሄዳል። እጇ ሥራውን ሲሠራ፣ ዓይኗ ከመረቡ ማዶ የቱ ጥግ ባዶ እንደሆነ ይፈልጋል። ሁሉም ሰው እዚህ አይደርስም። በትምህርት ቤት ፔሬድ ብቻ ደግሞ አይደረስም፤ ቢነገር ይሻላል።

ጡንቻ ያስታውሳል የሚባለው እውነት ነው?

ክህሎትን ጡንቻ አያስታውስም። የሚያስታውሰው አንጎል ነው፤ በተለይ እንቅስቃሴን የሚያዙት ክፍሎችና ከራስ ቅል ኋላ ሥር ያለው ትንሹ አንጎል። ትንሹ አንጎል "እንዲህ ይሆናል" ብሎ የጠበቀውን ከሆነው ጋር ያስተያያል። ልዩነት ካለ ለሚቀጥለው ሙከራ ያስተካክላል። ስለዚህ ስህተት መሥራት የልምምዱ አካል ነው። ስህተት በሌለበት የሚስተካከል ነገር የለም።

ይህ ትውስታ ስምና ቀን ከምናስታውስበት የተለየ መሆኑ የታወቀው በአንድ ሕመምተኛ ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ ተመራማሪ እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል በእርሳስ እንዲከተል ሰጡት። ከቀን ወደ ቀን ስህተቱ ቀነሰ። እሱ ግን ሥራውን ከዚያ በፊት አይቶት እንደሚያውቅ እንኳ አያስታውስም ነበር። እጁ ተምሯል፤ እሱ መማሩን አያውቅም።

አሳይቶ ማስተማር ይሻላል ወይስ አስረድቶ?

ለጀማሪ ማሳየት። አሥር ደቂቃ ንግግር ከአንድ ጥሩ ማሳያ አይበልጥም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚሰማ ልጅማ ጭራሽ። አሳዩ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩ፣ ይሞክሩት።

ማሳያው የግድ የአሰልጣኙ መሆን የለበትም። ጎበዝ ያልሆነ ጓደኛውን እየተሳሳተና እየታረመ የሚያይ ልጅም ይማራል። ምክንያቱም ስህተቱ ምን እንደሆነ ራሱ መፈለግ አለበት። ቀኝ እጁን የሚጠቀም አሰልጣኝ ግን አንድ ነገር አይርሳ፦ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያሳይ ልጆቹ የሚያዩት የተገለበጠውን ነው። ዞር ብላችሁ፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አሳዩ።

ስልሳ ተማሪና ሦስት ኳስ ነው ያለን። በዚህ ምን መማር ይቻላል?

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አርባ ደቂቃ ፔሬድ አለ። ልብስ መቀየሩ፣ ስም መጥራቱና ማሟሟቁ አሥሩን ይወስዳል። ስልሳው ልጅ በሦስት ሰልፍ ሃያ ሃያ ሆኖ ይቆማል። አንዱ ተራ አሥራ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ፣ ለአንድ ልጅ ተራው የሚደርሰው በአምስት ደቂቃ አንዴ ነው። በሠላሳ ደቂቃ ስድስት ጊዜ ኳስ ነካ ማለት ነው። በስድስት ንክኪ ማንም ምንም አይለምድም። እውነተኛው ጠላት ሰልፉ ነው።

ስለዚህ ኳስ አብዙ። የካልሲ ኳስ እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ሊሠራው ይችላል፤ ለመወርወር፣ ለመቅለብ፣ ግድግዳ ላይ ዒላማ ለመምታት በቂ ነው። እግር ኳሱን ደግሞ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ማጫወት ትታችሁ በጠባብ ሜዳ አራት ለአራት አጫውቱ። ሜዳው ሲጠብና ሰው ሲያንስ አንዱ ልጅ ኳሱን የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ኳስ ያልደረሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይመልከት። አንዱ ሲሠራ ሌላው አንድ ነገር ብቻ ይከታተል፤ ለምሳሌ ኳሱን ሲመታ ክንዱ ተዘርግቷል ወይስ ታጥፏል የሚለውን። ተራ እስኪደርስ እንቅስቃሴውን በሐሳብ መሥራትም ይረዳል፤ ትክክለኛውን ልምምድ ባይተካም ከመቆም ይሻላል።

ሌላም አለ። ኳሱ ሦስት ከሆነ ብዙ ጊዜ ሦስቱም ወንዶቹ እጅ ይገባል። ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው "ስፖርት ሰርተናል" ይባላል። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ "ሴቶች ኳስ አይችሉም" ይባላል። ምኑን ይቻሉት?

በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት መለማመድና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መለማመድ ልዩነት አለው?

አለው፤ ትንሽ ትንሹ ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ባድሊና ሎንግማን የእንግሊዝ ፖስታ ሠራተኞች የታይፕ አመታት ሲማሩ አጥንተው ነበር። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተማሩት፣ በቀን አራት ሰዓት ከተማሩት ባነሰ ጠቅላላ ሰዓት ያንኑ ችሎታ አገኙ። የሚገርመው፣ በሥልጠናው ያልተደሰቱት በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት ነበሩ። በቀናት ሲቆጠር የዘገዩ መስሏቸዋል። ስለዚህ ተማሪው የወደደውን ሁሉ ጥሩ ልምምድ ነው ብላችሁ አትውሰዱ።

በመሃል ያለው እንቅልፍም ሥራ አለው፤ ቀን የተለማመድነውን ያጸናዋል። ሌሊቱን በስልክ ሲያፈጥ ያደረ ልጅ ጠዋት ሜዳ ላይ ቢፈዝ አትገረሙ። በጾም ወቅት ደግሞ አዲስ ነገር የምታስተምሩበትን ሰዓት ምረጡ። ረሃብና ድካም መጀመሪያ የሚነኩት ትኩረትን ነው፤ ጀማሪ ደግሞ ያለ ትኩረት አይሆንለትም።

አንዱን ክህሎት ደጋግሞ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው የሚሻለው ወይስ ማደባለቅ?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። የለመድነው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሃያ ሰርቭ፣ ከዚያ ሃያ ጊዜ በክንድ መቀበል፣ ከዚያ ሃያ ጊዜ በጣት ማንሳት። ያምራል። አሰልጣኙም ደስ ይለዋል፤ አሥራ አምስተኛው ሰርቭ ላይ ኳሱ ፏ ብሎ ይሻገራላ። ቅዳሜ ስትመለሱ ግን የለም።

ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንን ሞከሩ። ተሳታፊዎቹ በእጃቸው ትንንሽ የእንጨት መከላከያዎችን በተወሰነ ቅደም ተከተል በፍጥነት መጣል ነበረባቸው፤ ሦስት ዓይነት ቅደም ተከተል ነበር። ግማሾቹ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሄዱ። ግማሾቹ እያደባለቁ ሠሩ። በልምምዱ ጊዜ ያደባለቁት ዘገምተኞች ነበሩ። ከአሥር ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ያደባለቁት በለጡ። ምክንያቱ ይመስለኛል ግልጽ ነው። ስታደባልቁ አንጎል በየሙከራው "አሁን ምንድን ነው የምሠራው?" ብሎ እቅዱን እንደ አዲስ ያወጣል። አንዱን ስትደጋግሙ ግን የቅድሙን ይገለብጣል።

አንዱን ክህሎት ራሱንም ማለዋወጥ ይቻላል። ኬርና ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1978 የስምንት ዓመት ልጆችን ትንሽ ከረጢት ዒላማ ላይ እንዲጥሉ አሠለጠኑ። አንዱ ቡድን ከ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይጥላል። ሌላው ከ60 እና ከ120 ገደማ እያፈራረቀ ይጥላል፣ 90ን አልነካትም። ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉም ከ90 ተፈተኑ። ያፈራረቁት በለጡ። ያልተለማመዱበት ርቀት ላይ!

ጥንቃቄ ግን አለው። ጨርሶ አዲስ የሆነ፣ ኳሱን መምታት እንኳ ያልያዘ ልጅ መጀመሪያ አንዱን ደጋግሞ መልኩን ይያዝ። ከዚያ ቶሎ አደባልቁት። ወላጅ መጥቶ "ምነው ዛሬ የተበላሸባቸው?" ቢላችሁ አትደንግጡ። የዛሬው አፈጻጸም ዛሬ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። መማሩ የሚታየው ከሳምንት በኋላ፣ ሳያሟሙቁ በመጀመሪያው ሙከራ ነው።

ልጄ ልምምድ ላይ ጎበዝ ነው፤ ጨዋታ ላይ ግን ይጠፋበታል። ለምን?

ኮን (ለልምምድ ሜዳ ላይ የሚደረደረው ምልክት) ስለማይንቀሳቀስ። በኮኖች መሃል ኳስ መንዳት ሲለምድ፣ የለመደው በኮኖች መሃል መንዳትን ነው። ጨዋታ ላይ ግን ተከላካዩ ይመጣል፣ እግሩን ይዘረጋል፣ ያሳስታል። ክህሎት ማለት ግማሹ ማየት ነው፤ ማንን ማየት፣ መቼ ማየት። ያንን ግማሽ ኮን አያስተምርም።

ኒኮላይ በርንስታይን የተባለ የሶቪየት ሳይንቲስት በ1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ መዶሻ የሚመቱ ሠራተኞችን በፊልም እየቀረጸ አጥንቶ ነበር። የተካነ ሠራተኛ መዶሻ የሚያርፈው እዚያው ቦታ ላይ ነው። የክንዱ መንገድ ግን በየምቱ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ያካበተው አንድ የማይለወጥ እንቅስቃሴ አልነበረም፤ ችግሩን በየጊዜው እንደ አዲስ መፍታት ነበር። ኳስም እንደዚያው። አዘዞ ያለ አቧራማ ሜዳ ላይ ኳስ የምትነጥርበትና ሣር ላይ የምትነጥርበት አንድ አይደለም። ከፍታም ይለውጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ረጅም ኳስ እዚህ ይርቃል። ቆላ ወርዶ መተማ የሚጫወት ቡድን ያንኑ ምት ቢመታ ያጥርበታል።

ስለዚህ ልምምዱ ውስጥ ተጋጣሚ አስገቡ። አንድ እንኳ ይበቃል። መጀመሪያ እየተራመደ ይከላከል፣ ከዚያ እውነቱን።

ልጁ በተሳሳተ ቁጥር ማረም አለብኝ?

የለብዎትም። ዊንስታይንና ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት ውጤታቸው ከግማሹ ሙከራ በኋላ ብቻ የተነገራቸው ሰዎች፣ በየሙከራው ከተነገራቸው ይልቅ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ሁሌ ከተነገረው ልጁ ራሱን ማዳመጥ ይተዋል። እናንተ ከሜዳው ስትወጡ እውቀቱም አብሯችሁ ይወጣል። ይሞክር፣ ዝም በሉ፣ ከዚያ "አሁን ምን ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ትክክል ከሆነ ሌላ ምንም አትጨምሩ።

የሚነገረው ነገርም ይለያያል። ከሜዳ ዳር ሆኖ "ጉልበት! ክንድ! ትከሻ!" እያለ የሚጮህ አሰልጣኝ ታውቃላችሁ። ልጁ ሰውነቱን ማሰብ ይጀምርና እንደ እንጨት ይደርቃል። ጋብሪየል ቩልፍና ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ትኩረትን ከሰውነት አውጥቶ እንቅስቃሴው የሚያመጣው ውጤት ላይ ማድረግ እንደሚሻል በተደጋጋሚ አሳይተዋል። "ክንድህን ዘርጋ" በሚለው ፋንታ "ኳሱን ያቺ ጥግ ላይ ጣላት" በሉት። ክንዱ ራሱ ይዘረጋል።

ከስንት ዓመቱ ላስጀምረው? ገና በስድስት ዓመቱ ኳስ ብቻ ቢይዝ አይሻልም?

በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ያየ ልጅ አፄዎቹን መቀላቀል ቢመኝ ደስ ይላል። ግን በስድስት ዓመቱ የሚያስፈልገው መሮጥ፣ መዝለል፣ መወርወር፣ መቅለብና ሚዛን መጠበቅ ነው። ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይ፣ ገመድ ዝላይና የገና ጨዋታ ይህንን በነፃ ይሰጣሉ። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ሚዛን ነው፤ ብይ የዓይንና የጣት ቅንጅት ነው። እነሱን ከልክሎ ለኳስ ብቻ ማሰልጠን ኪሳራ ነው ባይ ነኝ። አንድ ስፖርት መምረጡ እስከ አሥራዎቹ ዕድሜ መሃል ቢቆይ አይጎዳም።

እድሜዬ ሠላሳ አምስት ነው። አሁን መረብ ኳስ ብጀምር ይሆንልኛል?

ይሆንልዎታል። ትንሽ ይዘገያል፣ ጉልበትም ቶሎ ይደክማል፤ የመማር ችሎታው ግን አልተዘጋም። አዋቂን የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ሀፍረት ነው።

አሥር ሺህ ሰዓት ያስፈልጋል የሚባለውስ?

ቁጥሩ የመጣው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ካወጡት ጥናት ነው። የምርጦቹ አማካይ ነበር፤ ደንብ አልነበረም። ከቁጥሩ ይልቅ ጥናቱ ያለው ነገር ይበልጣል፦ አንድ ድክመት መርጦ፣ አቅም ከሚፈቅደው ትንሽ በላይ እየሞከሩ፣ ውጤቱን እያዩ መለማመድ። አሥር ዓመት ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያንቀረቅብ የኖረ ሰው አሁንም ያው ማንቀርቀብ ብቻ ሊችል ይችላል።

ግራ እግሬ አይታዘዝም። በቀኙ የተለማመድኩት አይጠቅመውም?

በከፊል ይጠቅመዋል። በአንዱ ጎን የተማሩት ወደ ሌላው ትንሽ ይተላለፋል፤ መቼ መምታት፣ የት መቆም የሚለው እውቀት የሁለቱም ነው። ግራው ግን የራሱን ልምምድ ይፈልጋል። ቀላሉ መላ ትንሽ ጨዋታ ውስጥ "ጎል የሚቆጠረው በግራ ብቻ ነው" ማለት ነው። ይሳቃል፣ ይሳታል፣ ይለመዳል።

ለዓመታት የለመድኩትን የተሳሳተ አመታት እንዴት ልተወው?

ከባዱ ይህ ነው። አሮጌው ልማድ አይጠፋም፤ አዲሱ ከጎኑ ይገነባል። ስለዚህ አዲሱን ስትጀምሩ መጀመሪያ ትበላሻላችሁ። በራሱ ይሄድ የነበረው ነገር ተመልሶ ወደ ማሰብ ደረጃ ይወርዳል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት "የድሮው ይሻለኝ ነበር" ብሎ ይመለሳል። አዲሱ የያዘ ሲመስልም ጨዋታው ሲወጠር፣ ድካም ሲመጣ አሮጌው ብቅ ይላል። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ የቆየው መንገድ ፈጣን ስለሆነ ነው። ልዩነቱን አጉልቶ ማሳየት ይረዳል፦ አንዴ ሆን ብሎ በአሮጌው፣ አንዴ በአዲሱ እየመታ ልዩነቱን ይስማው።

የፍጹም ቅጣት ምት የሚስተው ጎበዝ ተጫዋችም ችግሩ ከዚህ ይቀርባል። በራሱ የሚሄደውን ነገር በጭንቅ ሰዓት አንድ በአንድ ሊቆጣጠረው ይሞክራል፤ እግሩ ይተሳሰራል። ለእሱ መድኃኒቱ የኳሷን ማረፊያ መርጦ፣ አንድ የለመደውን አጀማመር ይዞ መምታት ነው። ልምምዱ ላይም ሰው ይመልከተው፣ ይጩኹበት።

አሰልጣኞች፣ ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የማንንም አመታት አትንኩ። ዝናቡ አቁሞ ሜዳው ከደረቀ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ውድድር እስኪመጣ ያለው ጊዜ ለዚህ ይመቻል።